የማይዝገው ቦቴያችን

የማይዝግ ብረት ይዝጋል። በረኪና ካልፈሰሰበት፣ በሽቦ ካልተፈተገ፣ እርጥብ ነገር ላዩ ላይ ተኝቶበት ካልከረመ፣ አየርም እንደልቡ ካገኘ ላይዝግ ይችላል፤ ነገር ግን እንዲህ ተቀማጥሎ የሚኖር መኪና በአዲስ አበባ መንገድ ላይ አይቼ አላውቅም። በግቢ በራችሁ ወይም በደረጃችሁ መደገፊያ ላይ የምትታየውን ቡኒ ነጠብጣብ «አቧራ ነው» ብላችሁ በጣታችሁ ጠርጋችሁ ያለፋችሁ ሰዎች ይህን መስማት እንደማትወዱ አውቃለሁ። እኔም ስለ ብረት ላስተምር አልተነሳሁም። የምጽፈው ይህ ስም አንድ ቀን እንጦጦ ተራራ ላይ ከሰው እግር ጋር ሲገናኝ ስላየሁ ነው።

ያኔም እንደ አሁኑ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነበር። ሥራዬ መጻፍ ነው፤ ጠባዬ መቃወም። በእድራችን ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ ሰዎች ስልካቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ፤ ንግግሬ እስኪያልቅ የሚያዩት ነገር እንዲኖራቸው። ሰብሳቢያችን ጋሽ ጌታነህ ግን ስልክ አያወጡም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሾርባ እንደሚቀምስ ሰው ያዳምጡኛል። ሳበቃ «ጨረስክ?» ይላሉ። ጨረስኩ ስላቸው «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ወደ አጀንዳችን እንመለስ» ይላሉ።

ጋሽ ጌታነህ ጡረታ የወጡት ከአንድ ትልቅ ሆቴል የወጥ ቤት ኃላፊነት ነው። ያ ወጥ ቤት ከጠረጴዛው እስከ ጭልፋው የማይዝግ ብረት ነበር። ስለዚህ ከፈጣሪ ቀጥሎ በሙሉ ልባቸው የሚያምኑት በሁለት ነገሮች ነው፤ በማይዝግ ብረትና በበረኪና።

እድራችን አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ወደ ውሃ ቦቴ ለመቀየር ሲወስን ቦዲው ከምን ይሠራ የሚል ክርክር እንኳ አልተነሳም። ታንከሩ፣ ታንከሩ የሚቆምባቸው እግሮች፣ መሰላሉ፣ የጎማ መከለያው፣ ሁሉም ከማይዝግ ብረት ተቆርጠው ተበየዱ። እኛ ሰፈር ቧንቧ ውሃ የሚያመጣው ሲያሰኘው ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። ድንኳንና ወንበር ያለው እድር ሞልቷል፤ ለቅሶ ቤት ውሃ ይዞ የሚደርስ እድር ግን በአካባቢው የኛ ብቻ ነበር። ቦቴው ብሎኩ ሥር ቆሞ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ሰዉ በኩራት ያየዋል። እኔም በኩራት አየው ነበር፤ አልክድም።

የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ ከብየዳዎቹ ሥር የሻይ ቀለም ያለው ቀጭን መስመር መውረድ ጀመረ። ጋሽ ጌታነህ በሽቦ ብሩሽ አስፈተጉት። ከዚያ በበረኪና አሳጠቡት። ጠፋ። ተመለሰ። እንደገና ሽቦ፣ እንደገና በረኪና። ቅዳሜ ቅዳሜ ቦቴው ሲታጠብ ሰፈሩ በሙሉ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። ይህ ሳያንስ ታንከሩ በጉዞ ላይ ሲጥ ሲጥ እያለ ስላስቸገረ፣ በእግሮቹና በመኪናው ሻንሲ መካከል የተጣጠፈ ጆንያ እንዲጠቀጠቅ አደረጉ። ጩኸቱ ቆመ። ጆንያው ግን በየሳምንቱ ከላይ የሚወርደውን የበረኪና ውሃ እየጠጣ እዚያው ተቀመጠ።

በስብሰባ እጄን አወጣሁ። ስልኮቹ ወጡ። ያነበብኩትን ተናገርኩ። ይህን ብረት የሚጠብቀው ላዩ ላይ ያለ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ሲጫር አየር ካገኘ ራሱን ይጠግናል፤ በረኪና ግን እየበሳ ይገባል፤ ከሽቦው የሚራገፈው የተራ ብረት ብናኝም እዚያው ተጣብቆ ይዝጋል፤ ብየዳው ያቃጠለው ቦታ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ደካማ ነው፤ እባካችሁ ከጆንያው ሥር ያለው ይታይ አልኩ።

ጋሽ ጌታነህ በዚያን ቀን «ጨረስክ?» አላሉኝም። «እስቲ ስሙን ጥራው» አሉኝ።

«የምኑን?»

«የብረቱን።»

«የማይዝግ ብረት።»

«ሙሉ ስሙ ይኸው ነው? ‹አንዳንዴ የማይዝግ› የሚል የለበትም?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ እኔም ሳቅኩ። ጆንያው ግን አልተገለጠም። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ከመቅረቡ በፊት እኛው የጠራነው መካኒክ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውን አንድ በአንድ ፈትሾ ታንከሩ ጋ ሲደርስ «ይሄ እንኳ የማይዝግ ነው» አለና በመዳፉ ቸብ አድርጎት አለፈ።

ነገሩ የሆነው በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። በዋዜማው ከብሎካችን አንዲት እናት ተቀብረዋል። ዘመድ ከክፍለ ሀገር እየገባ ነው፤ ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። በቅርብ ያሉት የውሃ ቦታዎች መብራት ጠፍቶባቸው ፓምፓቸው ቆሟል። ጋሽ ጌታነህ ግን እንጦጦ ላይ፣ ከየካ ሚካኤል ሽቅብ፣ ባህር ዛፉን አለፍ ብሎ ግቢው ውስጥ ጉድጓድና ጄኔሬተር ያለው ሰው ያውቃሉ። በእድራችን ደንብ ቦቴው ሲወጣ ከሾፌር ጋር ሁለት አባላት አብረው ይሄዳሉ። ተራው የጋሽ ጌታነህና የኔ ሆነ።

ሾፌራችን ሰናይት ትባላለች። የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ንግግር የምትቆጥብ ሴት ናት። ሁለታችንን ጎን ለጎን ጋቢና ውስጥ ስታየን «ዛሬ እንግዲህ ሬዲዮ አልከፍትም» አለች።

በጠዋት ወጣን። ታንከሩ ውሃ እስከ አፉ ተሞላ። ስንመለስ፣ ከጉድጓዱ ዝቅ ብሎ ያሉ ሴቶች ጀሪካናቸውን መንገድ ዳር ደርድረው ጠበቁን። ውሃ ጭኖ በተጠማ ሰው ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ ጋሽ ጌታነህ የሚችሉት ነገር አይደለም። ማንም ሳይለምናቸው አስቆሟት፣ ወረዱ፣ የተደረደረው ሁሉ እስኪሞላ ራሳቸው ቀዱላቸው። ሴቶቹ ሲመርቋቸው ቆባቸውን አውልቀው «አሜን» እያሉ ነበር። ስንነሳ ታንከሩ ከግማሽ ብዙም አልበለጠም።

ይህ ደግነት ምን እንዳመጣብን ያኔ አላወቅንም። ታንከር ሙሉ ሲሆን ውሃው የሚሄድበት የለውም። ሲጎድል ግን ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ይሮጥና የታንከሩን ግንባር ይመታል። በቁልቁለት ላይ ይህ ማለት አንድ በሬ ከኋላ እየተንደረደረ ደጋግሞ ሲወጋህ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከኋላችን የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ከባድ ቁም ሣጥን ወለል ላይ ሲገፋ የሚሰማ ዓይነት።

«ውሃው ነው» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

ሰናይት ማርሽ ቀነሰች። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ድምፁ ተደገመ፤ አሁን መቀመጫችን ሥር ድረስ ተሰማን። «ውሃ እንዲህ አይልም፣ ጋሼ» አለች።

ዞር ብዬ በጋቢናው የኋላ መስታወት አየሁ። በጋቢናውና በታንከሩ መካከል አንድ ሰው ጎኑን አዙሮ ሊቆምበት የሚችል ክፍተት አለ። ትርፍ ጎማና አንድ ባዶ ቢጫ ጀሪካን የምናስቀምጠው እዚያ ነው። ስንወጣ ጀሪካኑ ተንፈላሶ ቆሞ ነበር። አሁን ወገቡ ወደ ውስጥ ገብቷል። እያየሁት ሰናይት ፍሬኑን በስሱ ነካችው፤ ጀሪካኑ ጭምቅ ብሎ ጠበበ። መስታወቱ ላይ የራሴ ትንፋሽ ጉም ሠራ።

«ታንከሩ እየመጣ ነው» አልኩ።

«ወዴት ነው የሚመጣው?» አሉ ጋሽ ጌታነህ።

«ወደ እኛ።»

ከታች፣ በባህር ዛፎቹ መካከል፣ ወደ የካ ሚካኤል የሚወስደው መንገድ ይታያል። መንገዱ ነጭ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ የለበሰ ሰው። ታቦቱ ወጥቶ ይሁን ሊወጣ፣ እልልታው እኛ ድረስ ይሰማል። ሰናይት ያንን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ፍሬን ስይዝ እሱ ወደ እኛ ይመጣል» አለች። «ካልያዝኩ እኛ ወደ እነሱ እንሄዳለን።»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። አንደኛ ማርሽ አስገባችና መኪናው በሞተሩ ጉልበት ብቻ ተይዞ እያቃሰተ እንዲወርድ አደረገች። ፍሬኑን አትረግጠውም፤ በጫማዋ ጫፍ ትዳስሰዋለች እንጂ። በዳሰሰችው ቁጥር ከኋላ ያ ድምፅ አለ። ጋሽ ጌታነህ በሁለቱ እጆቻቸው ዳሽቦርዱን ይዘው «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ፤ ከዚህ የበለጠ ቀስ ማለት ግን መቆም ነው። መንገዱ ረገብ የሚልበት፣ ከጎኑ የባህር ዛፍ አጣና የተከመረበት ስፍራ ደረስን። እዚያ፣ እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ አቆመችው። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። እግሯን ግን ከፍሬኑ ላይ አላነሳችም።

«ይሄን ክብደት የእጅ ፍሬን ብቻውን አይዘውም። ድንጋይ» አለችኝ።

ወረድኩ። ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ ከጎማዎቹ ፊት ደረደርኩ። ጎንበስ ስል ከታንከሩ እግሮች አንዱ ከቦታው ለቅቆ ወደ ፊት እንደተንሸራተተ አየሁ። ጆንያው ተቦጭቆ ተንጠልጥሏል። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ የሻይ ቀለም ነበረው። ተመልሼ ውሃው አሁኑኑ ይፈሰስ አልኩ።

ውሃውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሳራሲኔስካ ከታንከሩ ኋላ ነው። ሰው እየሰረቀ ስለሚቀዳ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ቁልፉ ደግሞ ከጋሽ ጌታነህ ማተብ ጋር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ ለማንም አይሰጡትም።

«አይሆንም» አሉ።

ለመኑ ማለት ይሻላል መሰለኝ፤ ድምፃቸው ትእዛዝ አልነበረም። ለቅሶ ቤቱ የሚጠጣ ውሃ የለም አሉ። ከጎንደር የመጣ ዘመድ እግሩን ሳይታጠብ ነው የተኛው። እናታቸውን ለቀበሩ ልጆች ውሃችሁን መንገድ ላይ ደፋሁት ብዬ በየት በኩል እገባለሁ? ደግሞ ምን ሆነና ነው፤ አንድ ብሎን ላልቶ ይሆናል፤ ጠበቅ አድርገነው ቀስ እያልን እንወርዳለን አሉ። ሰናይት አንገቷን በመስኮቱ አውጥታ «ጋሼ፣ እኔ ይሄን ይዤ ወደዚያ ሕዝብ አልወርድም» አለች። እሳቸው ግን ከመኪናው ወርደው ወደ ክፍተቱ እየሄዱ ነበር።

«እንዳይገቡ» አልኩ።

«ላሳይህ ነው» አሉ። ትርፍ ጎማውን ተሻግረው ክፍተቱ ውስጥ ጎናቸውን አዙረው ቆሙና የታንከሩን ግንባር በቡጢ መቱት። ጎም አለ። «ስማ። ይሄ ይዝጋል? ይሄ እኮ የማይዝግ...»

ቃሉን አልጨረሱትም። ከመኪናው ሥር አንድ ነገር ተሰበረ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማ ድምፅ ነበር። ታንከሩ ተንሸራተተ። ብዙ አይደለም፤ ምናልባት አንድ መዳፍ። ያ አንድ መዳፍ ግን ቀኝ ጭናቸውን ከጋቢናው የኋላ ብረት ጋር አጣበቀው።

አልጮሁም። አፋቸውን ከፍተው ሰማይ ሰማይ አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ትርፍ ጎማው ከጎናቸው ተጨምቆ ግፊቱን በከፊል ስለያዘላቸው ነው እግራቸው በቅጽበት ያልደቀቀው። ጎማው ግን ጎማ ነው፤ ቀስ እያለ ይሰጥማል። ውስጥ ያለው ውሃ ወዲያ ወዲህ ሲል ታንከሩ አብሮ ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥር እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

ሰናይት ከጋቢናው ሆና በኋላ መስታወቱ ታያቸዋለች። በእሷና በእሳቸው መካከል ያለው አንድ መስታወት ነው። ከፍሬኑ እግሯን ብታነሳ መኪናው ይንቀሳቀሳል፤ ብትቆይ ደግሞ ታንከሩ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ የእሷን ጀርባ ያገኛል። ክላክሱን ሳታቋርጥ ማስጮህ ጀመረች፤ ከታች ሰው እንዲመጣ፣ የሚመጣውም ከመንገዱ እንዲወጣ።

ወደ ክፍተቱ ተጠጋሁ። «ቁልፉን ይስጡኝ፣ ጋሼ።»

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ለቅሶው ቤት...»

«ለእርስዎም ለቅሶ ውሃ ያስፈልጋል።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ መውጣቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሳቸው ግን ሳቁ። ሳቅ ከተባለ፤ ከጉሮሯቸው የወጣ አንድ አየር ነው። «ክፉ ነህ» አሉኝ። «ውሰደው።»

እጃቸው ግን ወደ አንገታቸው አልደረሰም። አንዱ ክንዳቸው ከታንከሩ ጋር ተጣብቋል፤ በሌላው ጋቢናውን ተደግፈዋል፤ ቢለቁት ይወድቃሉ። ማተቡን ለመድረስ ጭንቅላቴንና ትከሻዬን በታንከሩና በጋቢናው መካከል ማስገባት ነበረብኝ። አስገባሁ። ብረቱ ጉንጬን ነካኝ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ከውስጡ ውሃው ሲንቦጫረቅ በጆሮዬ ሰማሁት። የጋሽ ጌታነህ ትንፋሽ ግንባሬ ላይ ይመጣል። ሸሚዛቸውን ገለጥኩ፤ ማተቡን አገኘሁ፤ ቁልፉ በክሩ ላይ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው አልፈታ አለ። ማተብ መበጠስ ነውር ነው፤ ዓይናቸውን አየሁ።

«በጥሰው» አሉ።

በጠስኩት።

ወደ ኋላ እንዴት እንደሮጥኩ አላስታውስም። ጓጉንቸሩ ተከፈተ። የሳራሲኔስካው መዘውር ግን አልዞር አለ፤ ጠብቆ ነበር፤ በጫማዬ መታሁት፤ እንደገና መታሁት፤ ንቅንቅ አለ። ዞረ። ውሃው በደረቴ ላይ ፈነዳ፤ ቀጥሎ መንገዱ ላይ ወርዶ በመኪናው ሥር ወደ ቁልቁለቱ ሮጠ። ያን ጊዜ ያላሰብኩት ነገር ታየኝ። ውሃው የሚሄደው ድንጋዮቹ ወዳሉበት ነው። ከድንጋዮቹ ሥር ያለውን አፈር እየላሰ ይወስደዋል።

«ሰናይት፣ እግርሽን እንዳታነሺ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያን ቀን የጮህኩት በእሷ ላይ ብቻ ነው።

«መች አነሳሁ» አለች።

ከታች በክላክሱ ድምፅ ነጠላቸውን ያሸረጡ ሰዎች እየሮጡ መጡ። ምን ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ማየት በቂ ነው። ወጣቶቹ ከመንገዱ ዳር ከተከመረው አጣና ወፍራም ወፍራሙን አነሱ። ሁለቱን በክፍተቱ ውስጥ ከጋሽ ጌታነህ ግራና ቀኝ ሰኩና እንደ ምሰሶ አስደገፏቸው፤ ታንከሩ ወደ ፊት መሄዱን አቆመ። ሌሎቹ ከእኔ ጋር ድንጋይ ይሞላሉ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ገፍፈው የጋሽ ጌታነህን ጭን ከላይ በኩል አጥብቀው አሰሩ። «ስምዎ ማነው?» አሉ፤ እንዳይተኙ ነው መሰለኝ። «ጌታነህ።» «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ጌታነህ፤ ያወጣዎታል።» ውሃው ይወርዳል። ታንከሩ እየቀለለ ሲሄድ ወጣቶቹ አጣናዎቹን ገፋ ገፋ እያደረጉ ጥቂት ጣት ያህል ቦታ አገኙ። በዚያች ቦታ ጎትተን አወጣናቸው። ሲወጡ ጮሁ፤ አንድ ጊዜ።

ቀጥሎ ሰናይት ነበረች። እግሯን ስታነሳ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። ሰዎቹ በሙሉ ከመኪናው ፊት ዞር አሉ። በሩን ከፍተንላት ቆምን። እግሯን በዝግታ አነሳች። መኪናው አንድ ጊዜ ወደ ፊት ተላጋ፤ ድንጋዮቹ ላይ ተደገፈ፤ ቆመ። ዘልላ ወረደች። ከመኪናው እንደራቅን ከሥር ያ የመሰበር ድምፅ እንደገና መጣ፤ አንደኛው አጣና ተፈናጥሮ ወጣ፤ ታንከሩ የቀረውን ውሃውን ይዞ የጋቢናውን ጀርባ በላው። የኋላው መስታወት ረገፈ። የሰናይት መቀመጫ ከመሪው ጋር ተገናኘ።

ሰናይት መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ሴቶች ከበቧት። ቀኝ እግሯ መንቀጥቀጡን ማቆም ስላቃተው በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ይሄ እግር ዛሬ የኔ አይደለም» አለች።

ጋሽ ጌታነህ በአንድ መንገደኛ መኪና ሆስፒታል ገቡ። ጭናቸው ተሰብሯል፤ ጉልበታቸውም ተጎድቷል። እግሩ ተረፈ፤ ዛሬ ግን አይታጠፍም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ከእንግዲህ የሚሰግዱት በአንገታቸው ብቻ ነው። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ መጀመሪያ የጠየቁኝ ለቅሶ ቤቱ ውሃ ማግኘቱን ነው። ሰዉ ከሌላ ሰፈር በጀሪካን ተሸክሞ እንዳደረሰ ነገርኳቸው። ከዚያ «ጆንያውን ገለጣችሁት?» አሉኝ።

ገልጠነው ነበር። ጋራዥ ውስጥ ታንከሩ ከመኪናው ሲወርድ አብሬ ነበርኩ። ላዩ ያው ነው፤ ፊትህን የሚያሳይ መስታወት። ከጆንያው ሥር የነበሩት እግሮች ግን ምስጥ የበላው እንጨት መስለዋል። ብየዳዎቹ ዙሪያ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ በቀዳዳ ላይ፤ በጣቴ ስነካው ቅርፊት ሆኖ ረገፈ። እግሮቹን ከሻንሲው ጋር ያሰሩት ብሎኖች ተራ ብረት ስለነበሩ ቀድመው አልቀዋል፤ ከእንዲህ ያለ ሰፊ የማይዝግ ብረት ጋር እርጥበት ውስጥ የታሰረ ትንሽ ተራ ብረት የሁለቱን ድርሻ እሱ ይዝጋል። ብረቱ አልዋሸንም። አየር ከልክለን፣ በረኪና አጠጥተን፣ ሽቦ ዘርተንበት፣ ከዚያም ስሙን ጠርተን ሳንፈትሸው አልፈነዋል።

ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ ጌታነህ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ድሮው አዳመጡኝ። «ጨረስክ?» አሉ።

«ጨረስኩ።»

«ስሙን ማነው ያወጣለት?»

አላውቅም አልኳቸው። አሁንም አላውቅም። ፈረንጆቹ እድፍ የለሽ አሉት፤ ይህም ማጋነን ነው። እኛ ስንተረጉመው አንድ እርከን ጨመርንበት፤ እድፉን ትተን ዝገትን በሙሉ ሻርንለት። እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት፤ የማይዝግ። ይህ ስም አይደለም፤ የወደፊቱን ዘመን የሚያጠቃልል የፍርድ ውሳኔ ነው። መካኒኩ በመዳፉ ቸብ አድርጎት ያለፈው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቃሉ እዚህ የምትፈትሸው ነገር የለም ስላለው ነው። ስንቱን ነገር ነው እንዲህ ስም እያወጣን ከምርመራ ነፃ ያደረግነው? የማይበገር ድርጅት፣ የማይናወጥ ትዳር፣ የማያልቅ ወዳጅነት። ላያቸው ያብረቀርቃል። ከሥራቸው ምን እንደተጠቀጠቀ የሚያይ የለም፤ ማየት ራሱ ስድብ ይመስላል።

እኔንም ለውጦኛል። ከዚያ በፊት ትክክል መሆን ይበቃኝ ነበር። ተናገርኩ፣ ተሳቀብኝ፣ በቃ፣ ታሪክ ይፈርዳል። እንጦጦ ላይ ታሪክ ሲፈርድ አየሁት። ትክክል መሆኔ የዚያን መዘውር አንድ ዙር አላዞረልኝም፤ ያዞርኩት በጫማዬ ነው። አሁን ይህ ነገር ይሰበራል ብዬ ሳምን እጄን አላወጣም፤ እጅጌዬን እሰበስብና ሄጄ እገልጠዋለሁ። ጎረቤቶቼ ይህን ከንግግሬ የባሰ ይጠሉታል።

ጋሽ ጌታነህ በክራንች መሄድ ሲጀምሩ ወደ ስብሰባ መጡና አንድ አጀንዳ አቀረቡ። አዲስ ለሚሠራው ቦቴ በእድሩ ቃለ ጉባኤ ላይ «የማይዝግ ብረት» የሚለው ቃል ተሰርዞ «ቶሎ የማይዝግ ብረት» ተብሎ ይጻፍ፤ በየወሩም ከሥሩ ተገልጦ ይታይ አሉ። ማንም አልሳቀም። ለመቃወም የተነሳ እጅም አልነበረም፤ የኔንም ጨምሮ።

እናንተ ግን ገና ቁጭ ብላችሁ ታነባላችሁ። ነገ ልጆቻችሁን የምታሳፍሩበት መኪና፣ ለቅሶ የምትሄዱበት አውቶቡስ፣ ደጃችሁ የቆመው ቦቴ እንዴት ያምራል ብላችሁ አትንገሩኝ። ይህን አስቀምጡና ውረዱ። ሰው ይሳቅባችሁ፤ ሱሪያችሁም ይቆሽሽ። ተንበርከኩና ከሥሩ እዩት።